ዲስኩ ጠቅ ማለት የጀመረበት በልግ

መጋቢት 6 ቀን 2003

ይህን ደብተር የገዛሁት ለባዮሎጂ ነበር። ባዮሎጂ ሁለት ገጽ ሞላና ሰለቸው፤ እኔም አልለመንኩትም። ከዛሬ ጀምሮ የግሌ ነው። በአማርኛ የምጽፈው ጂራ እንዳያነበው ነው። ታናሽ ወንድሜ ጂራ ትምህርት ቤት የሚማረው በቁቤ ስለሆነ፣ የአማርኛ ፊደል ላይ ሲደርስ በጠጠር መንገድ እንደሚሄድ ጋሪ ይንገጫገጫል። አንዱን ገጽ ሳይጨርስ ክረምት ይገባል።

ዛሬ ኮምፒውተራችን አዲስ ድምፅ አወጣ። ጠቅ። ትንሽ ዝም ይልና ጠቅ ጠቅ። ታላቅ እህቴ ድንቅቱ የመመረቂያ ጥናቷን እየጻፈች ነበር። ስክሪኑ ቀጥ አለ፤ እሷም አብራው ቀጥ አለች። ከዚያ ሁለቱም ተመለሱ።

«ሶረቲ፣ ሰማሽ?» አለችኝ።

አልሰማሁም አልኳት። ሰምቻለሁ።

ኮምፒውተሩ የአባዬ ነው። ከፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ጡረታ ሲወጣ አሮጌ ገዛ፤ ለሚያገለግልበት ቤተ ክርስቲያን ደብዳቤ ይጽፍበታል። ሳሎን ውስጥ እንደ ታቦት ነው የሚከበረው (ይህን እማዬ ብትሰማኝ ትቆጣለች፤ እሷ ኦርቶዶክስ ናት፤ አባዬ ደግሞ በሌላ ምክንያት ይቆጣል)። ማታ ማታ እማዬ የሠራችለትን ዳንቴል ይለብሳል።

ስለ ድምፁ ለአባዬ ነገርነው። «እኔስ ከወንበር ስነሣ ጉልበቴ ጠቅ ይል የለ?» አለ። ጉዳዩ ተዘጋ።

መጋቢት 9

ድንቅቱ ከዩኒቨርሲቲው ፍላሽ ይዛ መጣች። ፍላሹ ውስጥ ጥናቷ አለ። ከጥናቷ ጋር ቫይረስም አለ። ወዲያው የአባዬ ደብዳቤዎች በሙሉ ተሰወሩ። አባዬ ፊቱ ዐመድ መሰለ። ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ኮምፒውተር የሚጠግነው ጋዲሳ መጥቶ ከተደበቁበት አወጣቸው።

ፍርድ ተሰጠ፤ ውጭ ውሎ የመጣ ፍላሽ ከእንግዲህ እዚህ ቤት ኮምፒውተር ላይ አይሰካም። ፍላሹ ራሱ ቡፌው ውስጥ ብርጭቆ ተደፍቶበት ታስሯል። ድንቅቱ ጥናቱን ሌላ ቦታም ማስቀመጥ እንዳለባት ልታስረዳው ሞከረች። አባዬ በአፋን ኦሮሞ ተቆጣ። አባዬ ሲቆጣ በአፋን ኦሮሞ ነው፤ ሲታረቅ በአማርኛ። ዛሬ ወደ አማርኛው አልደረሰም።

ሌላም ነገር አስተካከለ። ደብዳቤ ላይ ቀን ሲያስገባ ኮምፒውተሩ 2011 ይልበታል። ራሱ ገብቶ ዓመቱን 2003፣ ወሩን ሰባት፣ ቀኑን ዘጠኝ አደረገው፤ ሰዓቱንም ወደ እኛ መለሰው። ከዚያ ወደ ኋላ ተደግፎ «ስምንት ዓመት ሙሉ ሲቀድም ኖሯል» አለ፣ የግድግዳ ሰዓት የሞላ ይመስል። ድንቅቱና እኔ ወጥ ቤት ገብተን አፋችንን በፎጣ አፍነን ሳቅን።

መጋቢት 20

ዛሬ ኮምፒውተሩ በስንት ልመና ተነሣ። ጠቅ ጠቅ ጠቅ። ጋዲሳ ጆሮውን አስጠግቶ ሰማና ሃርድ ዲስኩ እየሞተ ነው አለ። ሃርድ ዲስክ ማለት ኮምፒውተሩ ነገር ሁሉ የሚያስቀምጥበት ዕቃ ነው። ብታጠፉት፣ ብታበሩት፣ ብትጸልዩለትም በቅርቡ ይሞታል፤ አዲስ ግዙ አለ።

ማታ ሽማግሌዎች ተቀመጡ። አባዬ፤ ከቴሌ ጡረታ የወጣው ጎረቤታችን ጋሽ አሰፋ፤ አዲስ አበባ በአይሱዙ የሚመላለሰው የእማዬ ወንድም አጎቴ ዘሩባቤል። ጋሽ አሰፋ ንግግሩን ሁሌም «እኔ ቴሌ ሳለሁ» ብሎ ነው የሚከፍተው። ቴሌ ሳለ ትልልቅ መሣሪያ ሲያስቸግር በመዳፍ ይመቱት ነበር አሉ። ኮምፒውተሩን በመዳፉ መታው። ኮምፒውተሩ ጠፋ። «አየህ፣ ይሰማል» አለ።

ከዚያ መጠን ላይ ክርክር ሆነ። ጋሽ አሰፋ ትልቅ ዲስክ መብራት ይፈጃል ባይ ነው። አጎቴ ዘሩባቤል ደግሞ ጎተራ ይመስል ትልቁን ካልገዛን ይላል። አባዬ ስንት ደብዳቤ እንደሚይዝ ጠየቀኝ። ትንሹም ቢሆን የምእመናኑን በሙሉ ከነኃጢአታቸው ይይዛል አልኩት። አጎቴ ሳቀ፤ አባዬ ሊስቅ ብሎ ሽማግሌነቱ ትዝ አለውና ሳል አደረገው።

ድንቅቱ አልሳቀችም። ጥግ ላይ ተቀምጣ ኮምፒውተሩን ታያለች። አምና የደንዲ ወረዳን ስንዴ ዋግ መታው። ማሳው ቢጫ ሆኖ ቀረ። እሷ ገበሬዎቹን ቤት ለቤት እየዞረች ማን ምን ዘራ፣ መቼ ዘራ፣ ምን ያህል ከሰረ ብላ ጠይቃለች። ያ ሁሉ አሁን እዚያ ጠቅ የሚል ሣጥን ውስጥ ነው። ከታሰረው ፍላሽ አሮጌ ቅጂ በቀር ሌላ ቦታ የለም። ባሌ ያለ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ከተመረቀች ሊቀጥራት ቃል ሰጥቷታል። ዘንድሮ ከተመረቀች ነው ታዲያ።

ባሌ ሩቅ ነው። በካርታ ላይ በጣቴ ለካሁት። ካርታው ትንሽ ስለሆነ ቅርብ ይመስላል።

መጋቢት 28

መብራት የለም። ኮምፒውተሩም አረፈ፣ እኛም አረፍን። ድንቅቱ ብቻ አላረፈችም።

ሚያዝያ 5

ጋዲሳ ጋ ሄጄ ስለ ዲስክ ተማርኩ። እንደ ሽንኩርት በኪሎ የሚገዛ ነገር አይደለም። የእኛ ኮምፒውተር ሽቦ ሰፊና ጠፍጣፋ ነው፣ እንደ መቀነት። አሁን ገበያ ላይ የሞላው ግን በቀጭን ሽቦ የሚሠራ ነው፤ እሱ የእኛው ላይ አይገባም። ደግሞ ኮምፒውተራችን አሮጌ ስለሆነ በጣም ትልቅ ዲስክ ቢሰጡት ሙሉውን አያየውም። ሰማንያ ጊጋ ይበቃዋል፣ ባለ መቀነቱን ፈልጉ አለኝ ጋዲሳ።

ሁለቱንም ዓይነት የሽቦ አፍ በወረቀት ላይ ሣልኩት። ይህኛው ላይ «አዎ»፣ ያኛው ላይ «በፍጹም» ብዬ ጽፌ ለአጎቴ ዘሩባቤል ሰጠሁት። ሥዕሉን አገላብጦ አየና በኮፍያው ውስጥ ከተተው። እኔም የዚያን ጊዜ ነበር መጠርጠር የነበረብኝ።

ሚያዝያ 14

አጎቴ ዘሩባቤል መጣ። ያመጣው «በፍጹም» ያልኩትን ነው። አምስት መቶ ጊጋ፣ ባለ ቀጭን ሽቦ፣ በሚያብረቀርቅ ከረጢት።

ሥዕሉን አላየኸውም ወይ አልኩት። አይቶታል። መርካቶ ሻጩ ይኼኛው አዲስ ነው፣ ያኛው ያለፈበት ነው፣ ለእህትህ ልጅ ያለፈበት ዕቃ ይዘህ ልትገባ ነው ወይ አለው። እሱም አፈረ። አጎቴ በሕይወቱ ከሻጭ ፊት ማፈርን የመሰለ ነገር አይፈራም። ለበዓሉ ሲመለስ ሊለውጥ ይዞት ሄደ።

ድንቅቱ ከረጢቱን አየችና ወደ ኮምፒውተሩ ተመለሰች። 

ሚያዝያ 16፣ ፋሲካ

ፋሲካ ለእማዬም ለአባዬም አንድ ቀን ነው። እማዬ ሁለት ወር ጾማ ዶሮዋን ስትቀምስ፣ ጾም የማያውቀው አባዬ ከእሷ በላይ ፈሰከ። ኮምፒውተሩ ዳንቴሉን ለብሶ ዋለ። አልነካነውም።

ሚያዝያ 26

ትክክለኛው ዲስክ መጣ። ሰማንያ ጊጋ፣ ባለ መቀነት። ጋዲሳ ተመራቂዎች ስለበዙበት ሥራው እስከ አንገቱ ነው፤ ዊንዶውሱን በሲዲ ሰጠኝና እንዴት እንደሚገጠም አሳይቶኝ አንቺው ትገጥሚዋለሽ አለኝ። አባዬም ፈቀደ። እንዲህ ያለ ሥልጣን በዚህ ቤት ተሰጥቶኝ አያውቅም፤ የሠራሁት ወጥ እንኳ እማዬ ጨውን ሳትቀምስ አይወጣም።

ነገ እገጥመዋለሁ።

ሚያዝያ 27

አልገጠምኩትም። መብራት ይሄዳል ብዬ ፈራሁ። አልሄደም።

ሚያዝያ 30

ብሎን መፍቻው ጠፋ። ጂራ ጋ ይሆናል። ማትሪክ ደርሶብኛል፤ ማጥናት አለብኝ። አሮጌው ደግሞ ዛሬ አንዴ ብቻ ነው ጠቅ ያለው። እንዲያውም ሳይሻለው አልቀረም።

ግንቦት 3

ድንቅቱ ከባሌ ስልክ ተደወለላት። ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ድረሺ ብለዋታል። ጎባ የሚቀበላት ሰው አለ፣ ቤትም ይፈልጉላታል። እማዬ እልል አለችና ወዲያው ወጥ ቤት ገብታ ቆየች። አባዬ ባሌ ብርድ እንደሆነ፣ ወፍራም ብርድ ልብስ መግዛት እንዳለበት ለሁላችንም ደጋግሞ አስረዳን።

ማታ ድንቅቱ ፀጉሬን እየሠራችልኝ «ዲስኩን መቼ ነው የምትገጥሚው?» አለችኝ። መፍቻ የለም አልኳት። መጎንጎኗን ቀጠለች። ጥብቅ አድርጋ ጎነጎነችው፤ ዓይኔ ወደ ላይ ተሳበ።

ግንቦት 4

ጠዋት ስነሣ መፍቻው ደብተሬ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት።

ግንቦት 6፣ ቅዳሜ

ገጠምኩት።

የሣጥኑን ጎን ስከፍተው አቧራው አንድ ጎጆ ያሠራል። አንድ የሸረሪት ቤተሰብም ነበረ፤ ጂራ በክብር አስወጣቸው። አዲሱን ዲስክ ከላይ፣ አሮጌውን ከሥሩ አድርጌ በአንድ መቀነት አያያዝኳቸው። ሁለት ዲስክ አንድ ሽቦ ላይ ሲሆን የትኛው ቀዳሚ እንደሆነ በትንሽ ፕላስቲክ ለኮምፒውተሩ ይነገረዋል። ጋዲሳ ጌታና ባሪያ ይላቸዋል። አባዬ ይህን ሲሰማ በክርስቲያን ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ስም አይጠራም፣ ታላቅና ታናሽ በያቸው አለ። ስለዚህ አዲሱ ታላቅ፣ አሮጌው ታናሽ ተባሉ። ታናሹ ነው ጠቅ ጠቅ የሚለው።

ጋሽ አሰፋ ወንበር ይዞ ከበላዬ ተቀመጠ። እሱ ቴሌ ሳለ እንዲህ ያለ ሥራ በዝምታ አይሠራም ነበር መሰለኝ። እያንዳንዷን ብሎን ስፈታ «ቦታዋን ያዢ» ይለኛል። በመጨረሻ አንዷ ብሎን ጠፋች፤ ከሱሪው ጥቅልል ውስጥ ተገኘች።

ዊንዶውሱ ሲጫን ዋለ። ከዚያ ብርጭቆ ከተደፋበት የድንቅቱ ፍላሽ ጀመርኩ። አባዬ ላንድ ቀን ምሕረት አድርጎለታል፤ በዚያ ላይ ጋዲሳ አጽድቶታል። የመጋቢቱን ጥናት መጀመሪያ አዲሱ ላይ አስቀመጥኩ፣ ቢያንስ እሱ እንዲኖር። ቀጥዬ ከታናሹ ሁሉንም ገለበጥኩ። ታናሹ እያቃሰተ ይሰጣል። የድንቅቱ ፎልደር ላይ ስደርስ መስኮት እየከፈተ ይጠይቀኛል፤ ይህ ፋይል አስቀድሞ አለ፣ በላዩ ልጻፍበት ወይ እያለ። እዚያ ያለው 2011፣ ከታናሹ የሚመጣው 2003። በአዲሱ ላይ የስምንት ዓመት አሮጌ አይጻፍም አልኩት። ለእያንዳንዱ ከሚጠይቀኝ ብዬ ለሁሉም አይጻፍ አልኩት።

ሲያልቅ አጥፍቼ አበራሁት። ታላቁ ተነሣ፤ ታናሹ አልተነሣም። ጠቅ ብሎ ዝም። ሥራውን ጨርሶ የሞተ ሰው ነው አለ አባዬ፤ ኮፍያውን ሊያወልቅለት ምንም አልቀረው።

ጋሽ አሰፋ ጭንቅላቴን ዳበሰኝ። አባዬ «ጎበዝ፣ ኢንታላ ኮ» አለኝ፤ ልጄ ማለቱ ነው። ዛሬ ከዚህ በላይ አልጽፍም፤ ኩራት ያስነጥሳል።

ግንቦት 7

ምዕራፍ አራት የለም።

ድንቅቱ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ ከፈተችው። ያለው የመጋቢቱ ነው። ሠንጠረዦቹ የሉም። ከመጋቢት ወዲህ የሠራችው የለም።

አላለቀሰችም። ፋይሉን ትዘጋለች፣ ትከፍታለች። ትዘጋለች፣ ትከፍታለች።

ግንቦት 8

ታናሹን ስንት ጊዜ ሰካሁት። አይታይም። ጂራ ከሞተማ ማግኔቱን አውጥቼ ልውሰደው አለኝ፤ መታሁት። ከዚያ ስኳር ሰጠሁት።

ግንቦት 10

አባዬና እኔ ጋዲሳ ጋ ሄድን። ጋዲሳ አዲሱን ዲስክ ፈተሸ፤ ከዚያ የአባዬን ደብዳቤዎች ቀን አየ። እንደገና አየ።

«ኦቦ ጀቤሳ፣ የኮምፒውተሩን ቀን ወደ እኛ የመለሰው ማን ነው?»

አባዬ ደረቱን ነፍቶ እኔ ነኝ አለ። ጋዲሳ ቀስ ብሎ አስረዳው። የዩኒቨርሲቲው ፋይል በፈረንጅ ቀን 2011 ነው። ቤት የተሠራው፣ የቅርቡ፣ 2003 ይላል። ስለዚህ የቅርቡ የሩቅ መሰለ። አባዬ ሲሰማ ቆየና ነፍቶት የነበረው ደረት ቀስ እያለ ተነፈሰ። ወደ ቤት ተመለስን። ሁሉቃ ድልድይ ላይ ቆሞ ውሃውን አየ፤ እኔም አየሁ።

ቤት ስንደርስ ጋሽ አሰፋ ተቀምጧል። አባዬ እንግዳ ፊት ነው ብሎ አልተወውም። ባርኔጣውን አውልቆ ድንቅቱ ፊት ቆመ፤ ተቀምጣ ነበርና ደንግጣ ልትነሣ ስትል በእጁ መለሳት።

«ዲፋማ ናፍ ጎዲ፣ ኢንታላ ኮ» አላት።

ይቅርታ ሲጠይቅ በአማርኛ ነበር የሚሆነው። ዛሬ በአፋን ኦሮሞ ሆነ። ጋሽ አሰፋ ቴሌ ሳለ ምን እንደነበረ አልተናገረም። ድንቅቱ የአባዬን እጅ ይዛ ምንም አይደለም፣ አንተ ለደብዳቤህ ብለህ ነው አለችው።

እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ማንም ወደ እኔ አላየም። መታየት ያለበት ሰው ይቅርታ የጠየቀው ነው።

2003 ማለት ዘንድሮ መሆኑን ግን ማን ያጣዋል? ይህ ደብተር እንኳ በየገጹ ይለዋል። ቀኑ ሲቀየር እኔም ነበርኩ፤ ስቄያለሁም። የታናሹ ፋይል ደግሞ ከሌላው በእጥፍ ይበልጥ ነበር፤ መስኮቱ ላይ ተጽፏል። ቸኩዬ ነው። መስኮቱ እየደጋገመ ሲጠይቅ ማንም ይቸኩላል። ጋዲሳም ቢሆን ይቸኩል ነበር።

ግንቦት 13

የጥናቷ አማካሪ ግንቦት 24 ረቡዕ ካላስገባች ለመጪው ዓመት ይቆይ ብሏታል። ወረቀቶቹ አሉ፤ በደንዲ ጭቃ የታተሙ፣ ከአልጋው ሥር በካርቶን። አባዬ ያነባል፣ እሷ ትጽፋለች። አባዬ የፍርድ ቤት ሰው ስለሆነ የገበሬዎቹን መልስ እንደ ምስክር ቃል ነው የሚያነበው። «ምስክሩ ስንዴዬ ቢጫ ሆነ ሲሉ ቃላቸውን ሰጡ።» አንዳንዴ ድንቅቱ ፈገግ ትላለች። ግን ወረቀቱ መልስ ብቻ ነው ያለው፤ ሒሳቡና ትንታኔው በእሷ ጭንቅላት ውስጥ ነበር፣ አሁን ደግሞ ጭንቅላቷ ደክሟል። እንደማይደርስ ሁላችንም እናውቃለን። አባዬም ያውቃል፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚያነበው ለዚያ ይመስለኛል።

አልጋችን አንድ ነው። መብራት ከጠፋ በኋላ ጣሪያውን እያየች ተናገረች።

«ለመጪው ዓመት ቢሆንስ? እዚሁ እቆያለሁ። አንቺን ለአሥራ አንደኛ አስጠናሻለሁ።»

«ባሌስ?»

«ባሌ ሌላ ሰው ይወስዳሉ።»

እሺ አልኩ መሰለኝ። ወይም ዝም አልኩ። እሷ ወደ ግድግዳው ዞረች። እኔ ግን እንቅልፍ እስኪወስደኝ መጪውን ዓመት ሳስብ ቆየሁ። ጠዋት አብረን ስንወጣ። ፀጉሬን ስትጎነጉነኝ። ወጥ ቤት ገብተን በአባዬ ስንስቅ። ሁሉንም በየተራ አየሁት፤ አንዱም አልጎደለም።

ደስ አለኝ ብዬ አልጽፍም።

ግንቦት 16

ጋዲሳ ጋ ብቻዬን ሄድኩ። ሌላ ምንም የለም ወይ አልኩት። አዲስ አበባ የሚሞክሩ አሉ፣ ግን እስከ 24 አይደርስም አለ። ከዚያ አንገቱን አከከ። አንዳንዴ እንዲህ ያለ ዲስክ ሲቀዘቅዝ ለጥቂት ደቂቃ ይነሣል፤ በላስቲክ ጠቅልለሽ ፍሪጅ የበረዶ ቤት ውስጥ አድርጊው፤ ከተነሣ ሌላ ነገር እንዳትነኪ፣ የምትፈልጊውን ብቻ ውሰጂ፤ ካልተነሣ እኔን አትውቀሺኝ አለ።

ታናሹን በሁለት ፌስታል ጠቅልዬ ከእማዬ ቅቤ ጎን አስተኛሁት።

ግንቦት 18

ጋሽ አሰፋ አምቦ ውሃ ቀዝቃዛ ሊፈልግ ፍሪጁን ከፈተ። «ብርቅነሽ፣ ይህ ደግሞ የምን ሥጋ ነው?» አላት። እማዬ የድንቅቱ ጥናት ነው አለችው። ፍሪጁን በክብር ዘጋው።

ማታ ሞከርኩት። ተነሣ! ስሙ ስክሪኑ ላይ ወጣ፤ ድንቅቱን ልጠራ ስዞር መብራት ሄደ። መላው ቀበሌ «ኧረ!» አለ። 

መብራት ሲመጣ ታናሹ ሞቆ ነበር። አልታየም። ድንቅቱ ትከሻዬን ነካ አድርጋ ተዪው አለችኝ። ወረቀቶቹን ወደ ካርቶናቸው መለሰች። አባዬ ነገ እንቀጥላለን አለ።

ታናሹን መልሼ ከቅቤው ጎን አደረግኩት። ለማንም አልተናገርኩም።

ግንቦት 21፣ እሑድ

በሥርዓቱ እጽፈዋለሁ።

ጠዋት እማዬ ወደ ቤተ ክርስቲያኗ፣ አባዬ፣ ድንቅቱና ጂራ ደግሞ ወደ እነሱ ሄዱ። ድንቅቱ ዘማሪ ናት፤ ላለመሄድ ፈልጋ ነበር፣ አባዬ ካልዘመርሽ ሰው ምን ሆነች ይላል አላት። እኔ ማትሪክ ማጥናት አለብኝ ብዬ ቀረሁ። በሩ እንደተዘጋ ፍሪጁን ከፈትኩ።

ታናሹ እጄን አቃጠለኝ፣ በብርዱ። በፎጣ ይዤ ሰካሁት። አበራሁ። ጠቅ። ጠቅ። ከዚያ መዞር ጀመረ፤ ቀጭን ድምፅ፣ እንደ ሩቅ ወፍጮ። ታየ።

ጋዲሳ እንዳለኝ ሌላ ምንም አልነካሁም። የድንቅቱን ፎልደር ብቻ ያዝኩ። መስኮቱ መጣ። ያው መስኮት፣ ያው ጥያቄ። እዚያ ያለው 2011 ነው፣ ከታናሹ የሚመጣው 2003፤ በላዩ ልጻፍበት?

እጄ ማውሱ ላይ ነበር። ቤቱ ዝም ብሏል። ግቢው ውስጥ የጋሽ አሰፋ ዶሮዎች ብቻ ይጭራሉ። መሞከሬን ማንም አያውቅም። አልተነሣም ቢባል ማንም አይጠይቅም። ድንቅቱ ራሷ ተዪው ብላለች።

ታናሹ ጠቅ አለ።

ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። ብዙ አይደለም። ብዙ ቢሆን ኖሮ ይሞቅ ነበር።

ለሁሉም ጻፍ አልኩት።

አረንጓዴዋ መስመር ትሄዳለች፣ ትቆማለች። ጠቅ ሲል እኔም ትንፋሼን እይዛለሁ። መብራቱን በዓይኔ ለመንኩት፤ የትኛውን ቤተ ክርስቲያን እንደጠራሁ አላስታውስም፣ ሁለቱንም ሳይሆን አይቀርም። መስመሯ ጫፍ ደረሰች። ጥናቱን ከፈትኩ። ምዕራፍ አራት አለ። ሠንጠረዦቹ አሉ። የደንዲ ገበሬዎች በሙሉ በየመስመራቸው ቆመዋል። ወደ ፍላሹ ገለበጥኩ። ፍላሹን ስነቅል ታናሹ አንድ ረጅም ድምፅ አወጣና ቆመ። አሁን በእውነት ሞተ።

በነጠላ ጫማ እንደሆንኩ ያወቅኩት ዋናው መንገድ ላይ ነው። ቤተ ክርስቲያን ስደርስ መዘምራኑ ቆመዋል። ኋላ ከእናቶች አጠገብ ቆምኩ፤ አንዷ እግሬን አየችና ከንፈሯን መጠጠች። አባዬ ከፊት ወንበር ሆኖ ዞረ፤ ከሽማግሌዎች ጋር ተቀምጦ ማንም እንዲዞር አይፈቅድም፣ ዛሬ ራሱ ዞረ። ድንቅቱ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ናት። ዐይኗ ዐይኔ ላይ ሲያርፍ አፏ ይዘምራል፣ ፊቷ ግን ቆሟል። ፍላሹን ከፍ አድርጌ አሳየኋት።

መዝሙሩ ሳያልቅ ከሰልፉ ወጣች። በጎን በር ወጥታ የባሕር ዛፉ ሥር አገኘችኝ። የሮጥኩት እኔ ነኝ፣ የምታለከልከው እሷ ነች።

«አለ?»

«ሁሉም አለ። ምዕራፍ አራትም፣ ሠንጠረዦቹም።»

ፍላሹን በሁለት እጇ ተቀበለችኝ። ከአያት እጅ እህል እንደሚቀበሉት ነው።  እኔም ቶሎ አልኳት፦

«በቃ፣ መሄድ ትችያለሽ።»

ማተሚያ ቤት ማለቴ ነበር። ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ያሉት በዚህ ሰሞን እሑድም ይሠራሉ፤ ከሰዓት በኋላ ግን ተመራቂው ይሰለፋል። ድንቅቱ አልተንቀሳቀሰችም። አየችኝ፣ ረጅም። ከዚያ አቀፈችኝ። የመዘምራን ልብስ እጅጌው ሰፊ ነው፤ ሁለታችንንም ሸፈነን።

«እመጣለሁ እኮ» አለችኝ፣ ጆሮዬ ሥር።

ከማተሚያ ቤት ነው ወይ ብዬ አልጠየቅኳትም።